ለክላሲክ ዩኒቦዲ መኪና ሙሉ ሻንሲ መምረጥ፦ ከመቁረጥዎ በፊት የሚለካው፣ የሚጠየቀውና የሚሰላው

ሊብሬ ላይ «የሻንሲ ቁጥር» የሚል ቦታ ስላለ መኪና ሁሉ ከሥሩ ሻንሲ ያለው ይመስለናል። የጭነት መኪና እውነትም አለው፤ ቦዲውን ቢያነሱት ሻንሲው ብቻውን በጎማው ላይ ቆሞ ይቀራል። ከ1965 እስከ 1970 የተሠራ ፎርድ ማስታንግ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለውም (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ወለሉ፣ ከበሩ ሥር ያለው የላሜራ ሳጥን (ሮከር)፣ በመካከል የሚያልፈው የካምቢዮ ዋሻና ጣሪያው ተበይደው ሸክሙን በጋራ ይሸከማሉ። ዩኒቦዲ የሚባለው ይህ ነው። የ1967–69 ካማሮ መሀል ላይ ነው፤ ከፊት በብሎን የሚታሰር ግማሽ ሻንሲ አለው፣ ከሞተሩ ግድግዳ ወዲያ ያለው ግን ዩኒቦዲ ነው። የ1970 ዶጅ ቻሌንጀር ደግሞ ዩኒቦዲ ሆኖ የፊት ሞላው ቶርሽን ባር፣ ማለትም እየተጠመዘዘ የሚሠራ ዘንግ ነው።

ለእነዚህ መኪኖች ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ሙሉ ሻንሲ የሚሠሩ ድርጅቶች በአሜሪካ አሉ፤ ሮድስተር ሾፕ፣ አርት ሞሪሰንና ሽዋርትዝ ፐርፎርማንስ ከሚታወቁት ውስጥ ናቸው። የሁሉም ፎቶ ያምራል፣ ቀለሙ ያብረቀርቃል። የሻንሲ ጥሩነት ግን በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ሻንሲውና ቦዲው በምን እንደሚያያዙ፣ እና ጎማው ሲነሳና ሲወርድ በየት በኩል እንደሚሄድ። ሁለቱም በፎቶ አይታዩም። በቁጥር ግን ይጠየቃሉ፣ ይሰላሉ፣ ሻንሲው ቤት ሲደርስም ይለካሉ። ከዚህ በታች ማስታንግን ዋና ምሳሌ አድርገናል፤ አሠራሩ ለሌሎቹም ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ያስፈልጋል?

አብዛኛው ባለቤት የሚፈልገው መሪው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ፣ መኪናው በመታጠፊያ እንዳይዋልል፣ ፍሬኑ እንዲይዝ ነው። ይህ ያለ ሙሉ ሻንሲም ይገኛል። የላይኛው ኮንትሮል አርም (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ቦዲው ላይ የሚታሰርበትን ቀዳዳ 25 ሚሜ ገደማ ዝቅ ማድረግ ብቻ የፊት ጎማውን አያያዝ በግልጽ ይለውጠዋል። በ1965ቱ ሼልቢ ጂቲ350 ላይ የተደረገው ይኸው ነበር። በዚያ ላይ የፊቱን የወለል ሬይል (ከወለሉ ሥር በርዝመቱ የሚሄደውን ወፍራም ብረት) ከኋላኛው ጋር የሚያገናኝ ቱቦላሬ በሁለቱም ጎን ያስበይዱ፤ ሁለቱን የሾክ ማማዎች (በሞተር ቤቱ ውስጥ ሾኩ ከላይ የሚታሰርባቸውን) ከሞተሩ ግድግዳ ጋር የሚያስተሳስር ብረት፣ የዲስክ ፍሬንና አዲስ ጎሚኒ ያስገጥሙ። ወጪው ከሙሉ ሻንሲ ጋር አይወዳደርም፤ ቢጸጸቱም አብዛኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ሙሉ ሻንሲ የሚያዋጣው ከሚከተሉት አንዱ ሲኖር ነው። እንደ ፎርድ ኮዮቴ 5.0 ያለ፣ አራት ካምሻፍት ስላለው ጭንቅላቱ የሰፋ ሞተር ሊገባና የሾክ ማማዎቹ ለማንኛውም ሊወጡ ከሆነ። ወለሉና ሬይሎቹ በዝገት አልቀው መቆረጣቸው የማይቀር ከሆነ። መኪናው ጣሪያው የሚከፈት ሆኖ ጉልበቱ በጣም ሊጨምር ከሆነ፤ ጣሪያ የሌለው ዩኒቦዲ ከላይ የሚይዘው ስለሌለ ይበልጥ ይጠመዘዛል። ዝገትን በተመለከተ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሻንሲው ወለሉን ይተካ ይሆናል እንጂ የበሩን ምሰሶ፣ የሮከሩን ውስጥና ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ሳጥን አይተካም። እነዚህ ከበሰበሱ አዲሱ ሻንሲ የሚጨብጠው ነገር የለም።

ደረጃ 2፦ መኪናዎን ይለኩ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ካታሎግ ከመግለጥ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለመለካት ይስጡ።

መኪናውን በአራት ጎማው በደረቅ ወለል ላይ ያቁሙ። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን በውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዘው የአራቱን ጎማዎች መቆሚያ ከፍታ ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሜ ከበለጠ በዝቅተኛው ጎማ ሥር ስስ ሰሌዳ አስገብተው ያስተካክሉ። የነዳጅ ታንኩ ግማሽ ይሁን፤ በሹፌሩ ወንበር ላይ ሹፌሩን የሚያህል ክብደት ያስቀምጡ። ከዚያ የሚከተሉትን ይመዝግቡ፦

— በእያንዳንዱ በር ዙሪያ ያለውን ክፍተት፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች። ከላይ ጠብቦ ከታች ከሰፋ ቦዲው በመሀሉ ሰጥሟል ማለት ነው።
— ከጎማ እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ቁመት፣ በአራቱም።
— ሮከሩ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ከፊትና ከኋላ።
— በሁለቱም ጎን ከፊት እምብርት እስከ ኋላ እምብርት ያለውን ርቀት። ለ1965–70 ማስታንግ 108 ኢንች፣ ማለትም 2743 ሚሜ ነው። የግራውና የቀኙ ልዩነት ከ5 ሚሜ ካለፈ መኪናው ግጭት አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የባሌስትራው ጎሚኒ አልቋል።
— የአራቱን ጎማ ክብደት፣ በአራት ሚዛን ለየብቻ።

ቀጥሎ ቱንቢ ያውጡ። ከቦዲው ሥር በግራና በቀኝ ተመሳሳይ የሆኑ ስምንት ነጥቦችን ይምረጡ፦ የፊት ሬይል ጫፎች፣ የታችኛው ኮንትሮል አርም ብሎኖች፣ የባሌስትራ የፊት ዓይኖች፣ የኋላ ሬይል ጫፎች። ከእያንዳንዱ ቱንቢውን ጥለው ወለሉ ላይ በተለጠፈ የወረቀት ፕላስተር ላይ በስል እርሳስ ምልክት ያድርጉ። መኪናውን ገፍተው ካወጡ በኋላ በወለሉ ላይ የሚቀረው የመኪናዎ ካርታ ነው። ሰያፎቹን በሜትር ይለኩ፤ እኩል መሆን ያለባቸው ሁለት ሰያፎች ከ5 ሚሜ በላይ ከተለያዩ ቦዲው ተጣሟል፣ ሻንሲ ከመታዘዙ በፊትም መጎተቻ ላይ መቃናት አለበት። አዲሱ ሻንሲ በፋብሪካ ልክ ነው የሚሠራው። የተጣመመ ቦዲ ከላዩ ሲቀመጥ ወይ ብሎኑ አይገባም፣ ወይ በጉልበት ይገባና በሩ አይዘጋም።

በመጨረሻ ከአንዱ የፊት ጎን ክሪክ አስገብተው ጎማው ከመሬት እስኪለቅ ያንሱና የዚያን ጎን በር ክፈቱ ዝጉ ያድርጉት። ቁልፉ ከተያዘ ወይም ክፍተቱ በዓይን ከተለወጠ ቦዲው ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ አሁን አዩት። የክፍተቱን ለውጥ ለክተው ይጻፉ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ የሚያወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 3፦ ቦዲውና ሻንሲው በምን ይያዛሉ?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀውም ይህንኑ ነው።

የጫማ ካርቶን ከነክዳኑ ይያዙና በሁለት እጅዎ ለመጠምዘዝ ይሞክሩ፤ እምቢ ይላል። ታችኛውን ወለል በምላጭ ቆርጠው ካወጡ በኋላ ደግመው ይሞክሩ፤ እጅዎ ላይ ይልፈሰፈሳል። ካርቶኑ ያው ነው፣ ወረቀቱም ያው ነው፣ የጠፋው የተዘጋ ሳጥን መሆኑ ነው። ዩኒቦዲ መኪና ወለሉ ሲቆረጥ የሚደርስበትም ይኸው ነው። ስለዚህ ወለል የሚያስቆርጥ ሻንሲ ያጠፋውን ሳጥን መልሶ መዝጋት አለበት።

ገበያ ላይ ሦስት ዓይነት አያያዝ ያገኛሉ።

አንደኛው ነባሩን ወለል ብዙም ሳይነካ ከሥር ተጠግቶ በብሎን የሚታሰር ነው። ጥቅሙ ሳጥኑ አለመፍረሱ ነው፤ ሻንሲውና ቦዲው ይደጋገፋሉ። ጉዳቱ ሬይሎቹ ቦታ ባገኙበት እየታጠፉ መሄዳቸው፣ ወይም መኪናው ከሥሩ ወደ መሬት መቅረቡ ነው።

ሁለተኛው ወለሉ ተቆርጦ ሬይሉ ወደ ላይ ገብቶ፣ አዲስ ወለል ከላዩ የሚበየድበት ነው። በትክክል ከተሠራ ከሁሉም የጠነከረው ይህ ነው። «በትክክል» ማለት ግን ሻንሲው ከሮከሩ የውስጥ ግድግዳ ጋር በርዝመቱ ሁሉ ተያይዞ፣ አዲሱ ወለልም ከሁለቱም ጋር ተበይዶ ሲዘጋ ነው። ሬይሉ ከሮከሩ 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ በጥቂት ቅንፍ ብቻ ከተንጠለጠለ ሮከሩ ሥራ ፈት ሆኗል።

ሦስተኛው ቦዲውን በላስቲክ ትራስ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ይህ እንደ 1964–72 ሼቬል ከመጀመሪያው ሻንሲ ላለው መኪና ተገቢ ነው። ወለሉ ለተቆረጠ ዩኒቦዲ ግን አንመክረውም፤ ላስቲኩ ጭነቱን ወደ ቦዲው አያስተላልፍም፣ ሻንሲው ብቻውን ይቀራል፣ የላላው ቦዲ ከላዩ እየተንቀሳቀሰ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ በበሩ ምሰሶ ሥርና በመስታወቱ ማዕዘን ስንጥቅ ያወጣል።

ለአምራቹ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በአንድ ጎን ስንት መያያዣ ነጥብ አለ? ከስድስት ካነሰ አምራቹ ምክንያቱን ያስረዳ። እያንዳንዱ ነጥብ የሚነካው ወለሉን ነው ወይስ የተዘጋ ሳጥን? የድሮ ወለል ላሜራ 0.9 ሚሜ ገደማ ነው፤ ብሎን ብቻውን ቢያዝበት ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ በየነጥቡ ቢያንስ 75 በ75 ሚሜ የሆነ፣ 3 ሚሜ ውፍረት ያለውና ማዕዘኑ የተጠጋጋ ማጠናከሪያ ሰሌዳ መኖር አለበት። ብሎኑ በባዶ ሳጥን ውስጥ የሚያልፍ ከሆነም ሲጠብቅ ሳጥኑን እንዳይጨፈልቅ በውስጡ የብረት ቱቦ ይበየዳል። ብሎኖቹ 12 ሚሜ፣ ደረጃቸው 10.9 ይሁን።

ደረጃ 4፦ ሬይሉን በስሌት ይፈትሹ

መጠምዘዝን የሚቋቋመው የብረቱ ብዛት ሳይሆን የሚከበው ስፋት ነው። 50 በ100 ሚሜ የሆነ፣ 3 ሚሜ ውፍረት ያለው ዝግ ቱቦላሬ የመጠምዘዝ ቁጥሩ 866 ሺህ ሚሜ በአራተኛ ኃይል ነው። ያንኑ ውፍረትና ቁመት በአንድ ጎኑ ክፍት በሆነ ቻናል ቢያደርጉት ቁጥሩ ወደ 1,750 ይወርዳል፤ 500 ጊዜ ያህል ደካማ ማለት ነው። ቱቦላሬውን ወደ 50 በ150 ከፍ ቢያደርጉት በ1.7 እጥፍ ይጠነክራል፣ በሜትር ግን ከ6.8 ወደ 9.1 ኪ.ግ. ይከብዳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ «ወፍራም ብረት ነው» የሚለው ማስታወቂያ ብዙ አይነግርዎትም። ሬይሉ የት የት ላይ ክፍት እንደሚሆን፣ የት እንደሚቀጥንና የት እንደሚቆረጥ ይጠይቁ።

ደካማ ሆነው የሚገኙት ቦታዎች ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ ሬይሉ ከወለል ከፍታ ወደ ሞተር ቤት የሚወጣበት እጥፋት ነው። ሁለተኛው ከኋላ አክስሉ በላይ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ሦስተኛው ለጭስ ቱቦ ማሳለፊያ የተበሳው ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው በዙሪያው በተበየደ ቱቦ ካልተዘጋ ዝጉን ቱቦላሬ እዚያ ላይ ከፍተውታል። አራተኛው ካምቢዮውን የሚይዘው አግዳሚ ነው። በብሎን የሚወጣ መሆኑ ለጥገና ያመቻል፣ ግን ሁለቱን ሬይሎች በመሀል የሚያስተሳስረው እሱ ብቻ ከሆነ ከአንድ ብሎን መያዣ ይልቅ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው።

አምራቹ የመጠምዘዝ ግትርነት ቁጥር ካለው ቁጥሩ ባዶ ሻንሲው ነው ወይስ ቦዲው ከላዩ ከታሰረ በኋላ ነው ብለው ይጠይቁ። የሚጠቅምዎት ሁለተኛው ነው። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ኋላው በሁለቱም ጎን ይታሰራል፣ ፊት ለፊት በግራ ወደ ላይ በቀኝ ወደ ታች ይገፋል፣ የማዕዘኑ ለውጥ ይነበባል። በ1.5 ሜትር ርቀት 1,000 ኒውተን ሽቅብና 1,000 ኒውተን ቁልቁል ቢገፋ ኃይሉ 1,500 ኒውተን ሜትር ነው፤ ፊቱ ከኋላው 0.3 ዲግሪ ከዞረ ግትርነቱ በዲግሪ 5,000 ኒውተን ሜትር ይሆናል። መለኪያዎቹ የት የት እንደተቀመጡ ሊነግርዎ የማይችል አምራች ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው አይታወቅም።

ደረጃ 5፦ የፊት ሰስፔንሽን፣ በወረቀት ላይ

ብዙ ሻንሲዎች ከፊት የ1974–78 ማስታንግ 2ን አሠራር የተከተለ ሰስፔንሽን ይዘው ይመጣሉ፤ ቀላል፣ ጠባብና ሬክ መሪ ያለው ስለሆነ ነው። ሌሎች የኮርቬት ስፒንድል (የጎማውን እምብርት የሚሸከመውን ብረት) ይጠቀማሉ። የማስታንግ 2 ክፍሎች ለትንሽ መኪና የተሠሩ ነበሩ። ከባድ ቪ8 ላለው መኪና ከተመረጡ ስፒንድሉና ኩሽኔታው ከዋናው የሚበልጥ መሆኑን፣ የታችኛው አርምም በሁለት ተራርቀው በተቀመጡ ብሎኖች የተያዘ መሆኑን ያረጋግጡ። በአንድ ብሎን የተያዘ ጠባብ አርም ፍሬን ሲያዝ የሚመጣውን ግፊት የሚቀበለው በዚያች በአንዲት ብሎን ላይ ነው።

ከአምራቹ የአራቱን ነጥቦች ቦታ ይጠይቁ፦ የላይኛው አርም የውስጥ ብሎን፣ የላይኛው ቦል ጆይንት (አርሙ ከስፒንድሉ ጋር የሚያያዝበት ክብ መጋጠሚያ)፣ የታችኛው አርም የውስጥ ብሎን፣ የታችኛው ቦል ጆይንት፤ እያንዳንዱ ከመሬትና ከመኪናው መሀል መስመር ስንት ሚሜ ይርቃል? በካሬ ወረቀት ላይ በአንድ አሥረኛ ልክ ይሣሉት። በሁለቱ የላይኛ ነጥቦች አንድ መስመር፣ በሁለቱ የታችኛ ነጥቦች ሌላ መስመር አስምረው እስኪገናኙ ያስረዝሙ። ከመገናኛቸው ወደ ጎማው መሬት የሚነካበት መሀል ሦስተኛ መስመር ያስምሩ። ይህ መስመር የመኪናውን መሀል የሚያቋርጥበት ነጥብ ሮል ሴንተር፣ ማለትም መኪናው በመታጠፊያ ሲያዘነብል የሚዞርበት ነጥብ ነው። ለመንገድ መኪና ከመሬት በላይ ከ25 እስከ 75 ሚሜ ቢሆን ደስ ይላል።

አሁን ሥዕሉን መኪናው 50 ሚሜ ዝቅ ያለ አድርገው ይድገሙት። ሮል ሴንተሩ ከመሬት በታች ርቆ ከሰጠመ ያ ሻንሲ ለዝቅታ አልተሰላም። ለዓይን የሚቀለው ምልክት የታችኛው አርም ነው። መኪናው በመደበኛ ቁመቱ ቆሞ አርሙ አግድም፣ ወይም የውጪው ጫፍ ጥቂት ዝቅ ያለ መሆን አለበት። የውጪው ጫፍ ሽቅብ ካየ መኪናው ለፎቶ ሲባል ብቻ ዝቅ ተደርጓል።

ካምበርን፣ ማለትም ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ማዘንበሉን፣ በምሳሌ እንየው። መኪናው ሲታጠፍ 3 ዲግሪ ያዘነብላል እንበል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል 1,450 ሚሜ ካለ የውጪው ጎማ 38 ሚሜ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ሰስፔንሽኑ በየ25 ሚሜው 0.75 ዲግሪ ካምበር የሚያመጣ ከሆነ 1.14 ዲግሪ ተመለሰ። ሲቆም 1 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነበለ ከነበረ የቀረው 0.86 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጎማው መሬቱን ሞልቶ ይዟል። በየ25 ሚሜው 0.2 ዲግሪ ብቻ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ ግን የሚቀረው 1.7 ዲግሪ ነበር፤ ያ ጎማ በውጪ ትከሻው ላይ ይነዳል፣ እዚያውም ያልቃል። ስለዚህ በየ25 ሚሜው ከ0.5 እስከ 1 ዲግሪ የሚያመጣውን ይምረጡ። ካስተር (ጎማው ሲመራ የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ማስተካከል መቻል አለበት።

በምፕ ስቲር ደግሞ መሪው ሳይነካ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያይ ብቻውን አቅጣጫ መቀየሩ ነው። መንስኤው ሬኩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ርዝመቱና ማዕዘኑ ከአርሞቹ ጋር አለመስማማቱ ነው። ሻንሲው ሲመጣ በራስዎ ሊለኩት ይችላሉ፦ ሞላውን አውጥተው፣ መሪውን መሀል ላይ አስረው፣ በእምብርቱ ላይ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ይግጠሙ፤ ከሰሌዳው ፊትና ኋላ ሁለት ዳያል መለኪያ ያቁሙ። እምብርቱን በክሪክ በየ12 ሚሜው ከታች እስከ ላይ ያንሱና ሁለቱን ንባብ ይመዝግቡ። በ25 ሚሜ እንቅስቃሴ የሁለቱ ልዩነት ከ0.4 ሚሜ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከበለጠ በቴስቲናው ሥር ቀለበት እየጨመሩ ወይም እየቀነሱ ይታረማል፤ ለውጡ ግን ከመሀል በላይና በታች ወደ አንድ አቅጣጫ የሚታጠፍ ከሆነ የዘንጉ ርዝመት ራሱ የተሳሳተ ስለሆነ በቀለበት አይድንም፣ ለአምራቹ ይመለስ።

ደረጃ 6፦ የኋላው

የኋላ ምርጫው ብዙ ጊዜ በአራት ዘንግ የተያዘ ድፍን አክስል ወይም ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ጎማ ነው። ጉልበቱ ለበዛ የመንገድ መኪና የፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል ያለው ድፍን አክስል ርካሽ፣ ጠንካራና ዕቃው በየትም የሚገኝ ነው፤ ብዙ ሰው ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

አራቱ ዘንጎች ትይዩ ከሆኑ አክስሉን ወደ ጎን የሚይዝ ፓናርድ ባር ያስፈልጋል። ርዝመቱን ይጠይቁ። 900 ሚሜ ርዝመት ያለው ባር አክስሉ 50 ሚሜ ሲነሳ ወደ ጎን 1.4 ሚሜ ያህል ብቻ ይገፋዋል፤ 500 ሚሜ የሆነው ግን 2.5 ሚሜ። ባሩ በመደበኛ ቁመት አግድም መሆን አለበት። የዘንጎቹ ጫፍ በፖሊዩሬቴን ጎሚኒ ብቻ ከተሠራ አክስሉ ሲያዘነብል ይታነቃል፣ መኪናውም መታጠፊያ መሀል ላይ ድንገት ኋላውን ይለቃል። ቢያንስ በአንዱ ጫፍ ክብ መጋጠሚያ ይሁን።

የካምቢዮውና የዲፈረንሻሉ ማዕዘኖች ሁለቱን ከሚያገናኘው የሚሽከረከር ዘንግ ጋር ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሆነው፣ እርስ በርሳቸው ከ1 ዲግሪ በላይ እንዳይለያዩ። ከተለያዩ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ በጎማ ባላንስ አያጠፉትም።

ደረጃ 7፦ ሞላውን እርስዎ ያስሉ

አምራቹ የመረጠውን ሞላ እንዳለ አይቀበሉ። ሞላው በአርሙ ላይ ከጎማው ይልቅ ወደ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጥንካሬ ያነሰ ነው። ጎማው 100 ሚሜ ሲነሳ ሞላው 65 ሚሜ ከተጨመቀ የሁለቱ ምጥጥን 0.65 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 0.42። በኢንች 500 ፓውንድ የሚባለው ሞላ በሚሜ 87.6 ኒውተን ነው፤ ጎማው ላይ 37 ይሆናል። ያ የመኪናው ማዕዘን የሚሸከመው ክብደት 350 ኪ.ግ. ከሆነ 37,000ን (37ቱ በሜትር ሲሰላ) ለ350 ያካፍሉ፣ ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፣ በ6.28 ያካፍሉ፤ በሰከንድ 1.64 ዙር ያገኛሉ፤ መኪናው በሞላው ላይ በሰከንድ ስንት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች እንደሚወዛወዝ ማለት ነው። ለምቹ የመንገድ መኪና ከ1.2 እስከ 1.5፣ ለፈጣን ከ1.5 እስከ 2 ነው። በደረጃ 2 የመዘኑት ክብደት የሚያገለግለው እዚህ ነው።

የሞላውና የጎማው ምጥጥን ከ0.5 በታች የሆነበትን ዲዛይን ይጠንቀቁ። በ0.5 እንኳ ተመሳሳይ ውጤት ለማግኘት በሚሜ 148 ኒውተን የሚሆን ሞላ ይፈልጋል፤ የሾኩ ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው ኃይልም ይጨምራል። የተሰነጠቁ የሾክ ቅንፎች ብዙ ጊዜ ታሪካቸው ይኸው ነው።

ደረጃ 8፦ ቦታ፣ ሕግና የሰው ደኅንነት

በ1965–70 ማስታንግ የነዳጅ ታንኩ ጣራ ራሱ የሻንጣው ወለል ነው። ሻንሲው አዲስ ታንክ የሚያስገባ ከሆነ በታንኩና በሻንጣው መካከል ሙሉ የብረት ወለል መኖሩን ያረጋግጡ፤ ይህ ብቻውን ትልቅ መሻሻል ነው። ወለሉ ስንት ሚሜ ከፍ እንደሚል ይጠይቁና ወንበሩን በዚያው ልክ በእንጨት ከፍ አድርገው ይቀመጡበት፤ ራስዎ ጣሪያ ከነካ አሁኑኑ ይወቁት። ከሻንሲው ዝቅተኛ ነጥብ እስከ መሬት ቢያንስ 125 ሚሜ ይቅር።

የደኅንነት ቀበቶ ማሰሪያ በአዲሱ ቀጭን ወለል ላይ ሳይሆን በሻንሲው ወይም በማጠናከሪያ ሰሌዳ ላይ ይሁን። የአሜሪካ ደረጃ የወገብና የትከሻ ቀበቶ ማሰሪያ ለእያንዳንዱ 3,000 ፓውንድ እንዲችል ይጠይቃል፤ ለወገብ ብቻ ለሆነው 5,000 ነው። የመሪው ዘንግም በግጭት ጊዜ የሚሰበሰብ ዓይነት ሆኖ ቢያንስ በሁለት መጋጠሚያ ይታጠፍ። የሻንሲው አፍንጫ ከነባሩ ላሜራ ይልቅ ደንዳና ስለሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ወደ ሹፌሩ ደረት ይመጣል።

የቪን ቁጥሩ (ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር የሚባለው) በማስታንግ ላይ በሹፌሩ በኩል ባለው የሞተር ቤት የጎን ላሜራ ላይ ተቀርጿል። ሻንሲው ያንን ላሜራ የሚያስወግድ ከሆነ ከመቁረጥዎ በፊት የሚኖሩበትን ግዛት የመኪና ምዝገባ ቢሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቪንን አውቆ ማንሳት ወይም መለወጥ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በእንግሊዝ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ የነጥብ ሥርዓት ነበር፤ እዚያ ያላችሁ አሁን የሚሠራበትን ከምዝገባ ቢሮው ጠይቁ። በዚያ ሥርዓት ነባሩን ቁጥር ለመያዝ 8 ነጥብ ያስፈልግ ነበር፤ ቦዲው ወይም ሻንሲው ሳይለወጥ ከቀረ 5 ነበር፣ ሰስፔንሽን፣ አክስሎች፣ ካምቢዮና መሪ ሁለት ሁለት፣ ሞተር 1። ዩኒቦዲውን ቆርጦ ሻንሲ ያስገባ ሰው አምስቱን ያጣ ነበር፤ በዚያው ላይ ሰስፔንሽኑንና መሪውን ከቀየረ የነጠላ መኪና ፍተሻ ይጠብቀው ነበር።

ደረጃ 9፦ ሻንሲው ሲደርስ

ያለ ቀለም እንዲላክ ይዘዙ። ቀለም የብየዳ ጉድለት ይሸፍናል፤ በኋላ ደግሞ ሊበየድበት ሲፈለግ ይፋቃል። በእጅ መብራት እየሄዱ እያንዳንዱን ብየዳ ይዩ፦ ጠርዙ ከሁለቱም ብረት ጋር ለስልሶ መዋሃድ አለበት። ብየዳው ላዩ ላይ ተቆልሎ ጠርዙ በጥፍር የሚያዝ ከሆነ ብረቱን አልገባበትም። ከብየዳው ጎን የተቦረቦረ ስስ መስመር ካለ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሰያፎቹን ይለኩ፤ ከ3 ሚሜ በላይ ከተለያዩ አይቀበሉ።

ቦዲውን ከመቁረጥ በፊት በ25 በ25 ቱቦላሬ ያስሩት፦ በእያንዳንዱ በር ከፊት ምሰሶ ወደ ኋላ ምሰሶ አንድ አግድምና አንድ ሰያፍ፣ ከግራ ምሰሶ ወደ ቀኝ ምሰሶም እንዲሁ። ብረቱን ከውስጥ በኩል ያስቀምጡት፤ በሩ እየተከፈተና እየተዘጋ በየቀኑ መፈተሽ አለበት። ጎማው በመደበኛ ቁመት እንዲቆም በሾክ ፋንታ ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ ይግጠሙ፤ ቦዲውን ያሳርፉ፤ ጎማው በፓራፋንጎው መሀል በ3 ሚሜ ውስጥ መዋሉን ይዩ። ፓራፋንጎና ኮፋኖ ሳይገጠም ምንም አይበየድ። ዘንጉን ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲጨመቅ በሚኖረው ርዝመት አሳጥረው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ያዙሩ፤ ጎማው ላሜራ የሚነካው ያኔ ነው።

ሁሉም ካማረ በነጥብ ብየዳ ይያዙት፣ በሩን ይፈትሹ፣ ከዚያ በየ25 ሚሜ ቁራጭ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ይበይዱ። አንዱን ጎን ከጨረሱ በኋላ ወደ ሌላው ከሄዱ ሙቀቱ ቦዲውን ይጎትተዋል። የተዘጉ ሳጥኖችን ውስጥ ሰም ይርጩ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳም አይርሱ።

መኪናው ከተነዳ ከ150 ኪሎ ሜትር በኋላ የቦዲውንና የሰስፔንሽኑን ብሎኖች ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ደግመው ያጥብቁ፣ ከዚያ አላይመንት ያሠሩ። በአራቱም ሾክ ዘንግ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ይጠምጥሙና ለአንድ ሳምንት በተለመደው መንገድዎ ይንዱ። ማሰሪያው እስከ ማቆሚያው ጎሚኒ ድረስ ተገፍቶ ካገኙት መኪናው በጣም ዝቅ ብሏል ወይም ሞላው ለስልሷል፤ ወደ ደረጃ 7 ተመልሰው በአዲሱ የማዕዘን ክብደት እንደገና ያስሉ። የደረጃ 2ን የክሪክና የበር ሙከራም በዚያው ቀን ይድገሙት።